ተከታይ ጌም በምን ይመዘናል? ሲቪላይዜሽን 7 እና ሳያልቅ የሚያልቀው ጨዋታ

ዳማ የተጫወተ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጨዋታው ሳያልቅ አሸናፊው ይለያል። አንዱ ስድስት ቆርኪ ይዞ ሌላው ሁለት ሲቀረው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ማባረር ብቻ ነው። አሸናፊው ይሰለቻል፣ ተሸናፊው ያኮርፋል። ቆርኪው ይሰበሰብና "እንድገም" ይባላል።

ይህ የሰፈር ነገር በዓለም ላይ ስሙ የገነነ አንድ የኮምፒውተር ጌም የቆየ በሽታ ነው። ጌሙ ሲቪላይዜሽን ይባላል፤ አንድ አገር ይዛችሁ ከጥንት ዘመን ጀምሮ ከተማ እየቆረቆራችሁ ከሌሎች አገሮች ጋር የምትፎካከሩበት ነው። ሰባተኛው ክፍል በፌብሩዋሪ 2025 ወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሠሪዎቹ ይህን በሽታ ከሥሩ ለመንቀል ቆርጠው ተነሱ። ውጤቱ ግን ተጫዋቹን ለሁለት ከፈለው። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የተጫዋቾች ፍርድ በወጣበት ሰሞን "የተደበላለቀ" የሚል ማዕረግ ያዘ። ግማሹ በመጨረሻ ደፈሩ ብሎ አጨበጨበ። ግማሹ የምወደውን ጌም ወሰዱብኝ ብሎ ተቆጣ።

ሁለቱም ወገን ስለ አንድ ጌም ነው የሚያወራው። ልዩነቱ የመጣው ከመለኪያው ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ተከታይ ጌም የምንመዝነው በአዲስ ነገር ብዛት ነው። ስንት አገር ገባ? ምስሉ ምን ያህል አማረ? እኔ ሌላ ጥያቄ ነው የምጠይቀው። የቀደመው ጌም የትኛውን ውሳኔ አሰልቺ አድርጎት ነበር? አዲሱስ በምትኩ ምን ውሳኔ ሰጠኝ?

ለምን ውሳኔ እንዳልኩ ላስረዳ። ኳስ ጌም ላይ የሚፈጥነው ጣት ነው። ተራ በተራ የሚሄድ የስትራቴጂ ጌም ላይ ግን ጣት ዋጋ የለውም። እናንተ ትንቀሳቀሳላችሁ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ደግሞ ተራው የእናንተ ነው። ጌሙ ይጠብቃችኋል። ሻይ አፍልታችሁ ብትመለሱ ጠላት ከነበረበት አልተነቃነቀም። ፍጥነት ከሌለ፣ ግርግር ከሌለ፣ የሚቀረው ምንድን ነው? ማሰብ ብቻ። የዚህ ተከታታይ ፈጣሪ ሲድ ማየር ጌም ማለት የሚስቡ ውሳኔዎች ሰንሰለት ነው በሚል አባባሉ ይታወቃል። ለዚህ ዓይነት ጌም ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም። ውሳኔው ከሳበ ጌሙ ይዟችሁ ያነጋል። ውሳኔው ከሞተ የቀረው መጫን ብቻ ነው።

ጥሩ ውሳኔ ምን እንደሚመስል በእኛው ምሳሌ ላሳያችሁ። ኢትዮጵያ ወደ አምስተኛው ክፍል የገባችው በ2012 በወጣ ማስፋፊያ (ጌሙ ከወጣ በኋላ ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ) ነው። መሪዋ አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ የሚናገሩትም በአማርኛ ነው። የተሰጣት ልዩ ችሎታ "የአድዋ መንፈስ" ይባላል። ከእሷ የበለጠ ከተማ ያለው አገር ጋር ስትዋጋ ወታደሮቿ 20 በመቶ ይበረታሉ።

ሕጉ ይኸው ነው፤ አንድ መስመር። አሁን ካርታው ላይ አስቀምጡት። አምስት ከተማ አላችሁ። ጎረቤታችሁ ስድስት አለው፤ ጦሩን ድንበር ላይ እያከማቸ ነው። ከወንዙ ማዶ ለም የሆነ ባዶ ቦታ ይታያችኋል። እዚያ ከተማ ብትቆረቁሩ እህልም ወርቅም ታገኛላችሁ። ነገር ግን ስድስት ለስድስት ትሆናላችሁና ያ 20 በመቶ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ትሰፋላችሁ ወይስ ትንሽ ሆናችሁ ትበረታላችሁ? ትክክለኛ መልስ የለውም። በጎረቤቱ ጠባይ፣ በመሬቱ፣ ባላችሁ ጊዜ ይወሰናል። እኔ እዚህ ጋ ማውሱን ለቅቄ፣ ወደኋላ ተደግፌ ብዙ ያሰብኩበት ምሽት አለ። አንድ መስመር ሕግ ይህን ያህል ካሳሰበ ሠሪው ሥራውን ሠርቷል።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ደግሞ በ2020 ዳግማዊ ምኒልክ መጡ። ያኔ የኢትዮጵያ ብርታት ኮረብታ ሆነ። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያፈልቀው እምነት (በጌሙ የሚጠራቀም የሃይማኖት ነጥብ) 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ያገኛል። ወታደሩም ዳገት ላይ ሲቆም ይበረታል። ሌላው ተጫዋች ሜዳና ወንዝ ሲፈልግ እናንተ ዳገት ዳገቱን ትቃኛላችሁ። ካርታው ያው ነው፤ የምታዩበት ዓይን ግን ተቀየረ።

የጌሙ ሠሪ ኩባንያ ፊራክሲስ ተከታይ ሲሠራ የሚከተለው የታወቀ ልማድ አለው። አንድ ሦስተኛው እንዳለ ይቀጥላል። አንድ ሦስተኛው ይሻሻላል። አንድ ሦስተኛው አዲስ ይሆናል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ችግሩ የትኛው ሦስተኛ የትኛው ነው የሚለው ላይ ነው። የተነካው ነገር ዳር ላይ ያለ ከሆነ ሰው ይለምደዋል። የጌሙን ልብ ከነኩት ግን ስሌቱ ትክክል ሆኖም ሰው ይቆጣል።

ይህ ሰባተኛው ላይ የተጀመረ አይደለም። አምስተኛው ክፍል በ2010 ሲወጣ አንድ ትልቅ ነገር ቀይሮ ነበር። ከዚያ በፊት ወታደሮችን እንደ እንጀራ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ አንድ ቦታ ላይ መከመር ይቻል ነበር። ትልቁ ክምር ያሸንፋል። አምስተኛው ይህን ከለከለ። ካርታውን ባለ ስድስት ጎን አደረገው፣ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ተዋጊ ጦር ብቻ አለ። ለሰው ተጫዋች ይህ ድንቅ ነበር። ቀስተኛውን ከኋላ፣ ጦረኛውን ከፊት፣ ፈረሰኛውን በጎን ማሰለፍ ተጀመረ። መሬት ትርጉም አገኘ።

ኮምፒውተሩ ግን ይህን ሰልፍ አልቻለበትም። ጦሩ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይጣበቃል። ቀስተኛው ፊት ወጥቶ ይረግፋል። አንድን አዲስ ሕግ ስመዝን ታዲያ የምጠይቀው ሁለተኛ ነገር ይኼ ነው፦ ተቃዋሚዬ ሕጉ ገብቶታል? ባላጋራ የማይችለው ጥበብ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጥበብ መሆኑ ይቀራል። ጌሙን ከባድ ደረጃ ላይ ስታደርጉትም ኮምፒውተሩ ጎበዝ አይሆንም። ተጨማሪ ምርት፣ ተጨማሪ ጥንካሬ በነፃ ይሰጠዋል እንጂ። ዳማ ላይ ለደካማው ሰው ሁለት ቆርኪ ጨምሮ እንደመጀመር ነው። ስለዚህ አዲስ ክፍል ሲወጣ "ኮምፒውተሩ ብልህ ሆኗል" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እስክትሞክሩት አትመኑት።

አሁን ወደ በሽታው እንመለስ። ስድስተኛውን ክፍል እስከ መጨረሻ የወሰደ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ አንድ ከተማና አንድ ቃኚ ነው ያላችሁ። እያንዳንዷ እርምጃ ልብ ትሰቅላለች። ከጭጋጉ ማዶ ምን አለ? ጎረቤት ነው ባሕር? ከመቶ ሃምሳ ተራ በኋላ ግን አሥራ አምስት ከተማ አላችሁ። አንዱ ምን ልሥራ ይላል። ሌላው ሠራተኛ ቆሟል ይላል። ነጋዴው መንገዱን ጨርሶ ተመልሷል። ሰላይ አለ፣ ካህን አለ፣ መርከብ አለ። አንድ ተራ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ግን ከእነዚያ ሁሉ ጥያቄዎች መልሳችሁ የጌሙን መጨረሻ የሚቀይረው አንድም የለም። ማሸነፋችሁን ታውቃላችሁ። የቀረው ማባረር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሴቭ አድርጎ ይወጣል፤ ተመልሶም አይከፍተውም። በማግስቱ አዲስ ይጀምራል።

የሰባተኛው ክፍል መድኃኒት ይህን ረጅም ታሪክ ለሦስት መቁረጥ ነው። ጥንታዊው ዘመን፣ የአሰሳ ዘመን፣ ዘመናዊው ዘመን። እያንዳንዱ ዘመን የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ጌሙ ሲወጣ በነበረው ሕግ ዘመን ሲቀየር አገር ይቀየራል። መሪያችሁ ያው ነው፤ የምትመሩት ሕዝብ ግን ሌላ ይሆናል። መሪና አገርም ተለያይተዋል። ናይጄሪያዊቷ ንግሥት አሚና አክሱምን ልትመራ ትችላለች። ሐሳቡ ከዚህ ቀደም ያልታየ አይደለም፤ ሂውማንካይንድ የተባለው ጌም በ2021 በየዘመኑ ሕዝብ መቀያየርን ይዞ መጥቶ ነበር።

የዘመን ለውጥ እንዴት እንደሚሰማ በቅርብ እንየው። ጥንታዊው ዘመን ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ቀውስ ይመጣል። ወረርሽኝ፣ ወይም የሕዝብ አመፅ፣ ወይም ወረራ። ጌሙ ጎጂ ፖሊሲዎች ያቀርብላችሁና ከእነዚህ ምረጡ ይላል። ከመጥፎ መጥፎ መምረጥ ነው። ይህ ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እወደዋለሁ። እየበለጸገ የነበረ አገር ሲንገዳገድ ማየት እንደገና ልብ ይሰቅላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ዘመኑ ሲዘጋ ጌሙ ያቆማል። ስትዋጉ የነበራችሁት ጦርነት ይቋረጣል። ጠላት ከተማ በር ላይ ደርሳችሁ ቢሆንም ይቋረጣል። ጌሙ ሲወጣ በነበረው ሕግ ከዋና ከተማችሁ በቀር ሌሎቹ ከተሞች ወደ ታናሽ ከተማነት ይወርዳሉ። ብዙ ሕንፃ ጥቅሙ ይቀንሳል። በአዛዥ ሥር ያልተያዘ ጦር በአብዛኛው ይጠፋል። ከዚያ ማያው ይከፈትና ቀጣዩን አገር ምረጡ ይላችኋል።

ይህ መድኃኒት ይሠራል? በከፊል አዎን። በአሰሳ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ተቀራርቦ ይነሳል። ማሸነፋችሁ የተረጋገጠ አይደለም። ካርታው ይሰፋል፤ ከባሕር ማዶ የማታውቁት ምድር አለ። የመጀመሪያው ሰዓት ጉጉት ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ይመጣል። ሠራተኛን በየጊዜው የመንዳት ጣጣም ቀርቷል፤ ከተማ ሲያድግ መሬቱን እናንተው ትመርጣላችሁ። አዛዥ የሚባለው አዲስ ነገር ደግሞ ብዙ ጦርን ጠቅልሎ ይይዛል፣ ቦታው ሲደርስ ይዘረግፈዋል። የመቶኛው ተራ የመጫን ድካም በእውነት ቀንሷል። የቀነሱት ጣጣን እንጂ ውሳኔን አይደለም፤ ለዚህ አድናቆቴ ሙሉ ነው።

ግን ቁስሉ የት እንዳለ ተመልከቱ። እነዚያ የመጨረሻ አሥር የጥንታዊው ዘመን ተራዎች ሞቱ። ሕንፃ ልሥራ? ሊያልፍበት ነው። ጦርነት ልክፈት? ሊቋረጥ ነው። የድሮው በሽታ ውሳኔን በጨዋታው መጨረሻ ላይ ይገድል ነበር። አዲሱ መድኃኒት በየዘመኑ መጨረሻ ላይ በትንሽ በትንሹ ይገድለዋል። በሽታው አልተነቀለም፤ ተበታተነ።

ሌላም አለ። ጌሙ ሲወጣ በየዘመኑ ነጥብ የሚያስመዘግቡ አራት መንገዶች ነበሩት፦ ጦር፣ ባህል፣ ሳይንስ፣ ኢኮኖሚ። የአሰሳ ዘመን የኢኮኖሚ መንገድ ከሩቅ ምድር ሀብት ጭነው የሚመለሱ መርከቦች ላይ የቆመ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ ያስደስታል። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ግን ዘመኑ ሲገባ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል። ባሕር ተሻገር፣ ሰፈር ቆርቁር፣ ጫን፣ ተመለስ። ውሳኔ መስሎ የመጣው ነገር የሥራ ዝርዝር ሆነ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሳምንት ግምገማ ላይ ብዙ የማልደገፈው። ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ ከጨረሰ ሁሉም ነገር ገና አዲስ ነው። ሦስት ጊዜ የጨረሰውን ፈልጉ።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። አክሱም ሰባተኛው ክፍል ላይ አለ። ጥንታዊው ዘመን ላይ ትመርጡታላችሁ። ሐውልት የሚባለው ልዩ ግንባታው ስሙ እንዳለ "ሐውልት" ነው። ነጋዴው "ታንኳ" ይባላል። ትልቁ የአክሱም ሐውልትም ከዓለም ድንቆች አንዱ ሆኖ ይገነባል። ቀይ ባሕርን የሚያስታውስ የንግድና የመርከብ አገር ነው፤ በደንብ ታስቦበታል። ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል እያየሁ በአማርኛ ሳነበው ደስ አለኝ።

ዘመኑ ሲያልቅስ? ጌሙ ሲወጣ በነበረው ዝርዝር ውስጥ ከአክሱም የሚቀጥል የኢትዮጵያ መንግሥት አልነበረም። ዛግዌ የለም። ጎንደር የለም። ዘመናዊው ዘመን ላይ የአድዋዋ ኢትዮጵያ የለችም። ወይ የምዕራብ አፍሪካው ሶንጋይ ትሆናላችሁ፣ ወይ የዓረቦቹ አባሲድ፣ ወይ ሌላ። በተቃራኒው ቻይናን የሚወድ ሰው ከሃን ወደ ሚንግ፣ ከሚንግ ወደ ቺንግ ይሄዳል። ሕንድን የሚወድ ከማውሪያ ወደ ቾላ፣ ከዚያ ወደ ሙጋል ያልፋል።

ይህ የአገር ፍቅር ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ የዲዛይን ነጥብ ነው። ሠሪዎቹ ታሪክ በድርብርብ ይገነባል ብለው ነው የዘመን ሐሳባቸውን ያስተዋወቁት። ሐሳቡ ትክክል ነው። እንደ ኢትዮጵያ ለዚህ የሚመች አገር የት ይገኛል? አክሱም ይወድቃል፣ ላሊበላ ይፈለፈላል፣ ጎንደር ግንብ ይሠራል። አንዱ በሌላው ላይ። ቻይናን የያዘው ተጫዋች ለውጡን እንደ እድገት ያየዋል፤ አክሱምን የያዘው እንደ ንጥቂያ። ሕጉ አንድ፣ ስሜቱ ሁለት። እና ጌሙን ሲመዝኑ "የዘመን ለውጥ ጥሩ ነው መጥፎ" ብሎ መከራከር ብቻውን አይበቃም። ማንን ይዛችሁ ተጫወታችሁ የሚለውም ፍርዱን ይቀይረዋል።

መድኃኒትን በካሳ መስጠት ይቻል ነበር። ምሳሌው እዚያው ቤት አለ። ፊራክሲስ በ2012 ኤክስኮም የሚባል የጦር ጌም አውጥቶ ነበር። ጥቂት ወታደሮች ይዛችሁ ከሌላ ዓለም ከመጣ ጠላት ጋር ትዋጋላችሁ። ተጫዋቹ ቶሎ አንድ ዘዴ አገኘ። አንድ እርምጃ ሂድ፣ አድፍጥና ጠብቅ። ደግሞ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ጠብቅ። ያሸንፋል፤ ግን ያሰለቻል። የሲቪላይዜሽን አራተኛ ክፍል ዋና ዲዛይነር የነበረው ሶረን ጆንሰን ይህን ጠባይ በደንብ ገልጾታል፦ ተጫዋች ዕድሉን ካገኘ የጌሙን ደስታ ራሱ አስልቶ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ኤክስኮም በ2016 ሲወጣ ብዙ ተልእኮዎች ላይ የተራ ገደብ አደረገ። በዚህን ያህል ተራ ካልጨረሳችሁ አለቀ። ሰው ጮኸ። ገደቡን የሚያጠፉ የተጫዋች ማሻሻያዎችም ወዲያው ወጡ። ነገር ግን ጌሙ የወሰደውን ያህል ሰጥቷል። ቡድናችሁ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ ይጀምራል። ጠላት ሳያያችሁ ከብባችሁ የመጀመሪያዋን ምት እናንተ ትመርጣላችሁ። ቀስ የማለትን ነፃነት ወሰደ፣ የድብቅ ጥቃትን ደስታ ሰጠ። በእኔ ዓይን ለዚህ ነው መድኃኒቱ የያዘው። ሲቪላይዜሽን 7 ጦርነቴን ሲያቋርጥና ስሜን ሲቀይር በምትኩ የሰጠኝ ነገር ያን ያህል አልከበደም።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር። ሲወጣ መነሻ ዋጋው ሰባ ዶላር ሊሞላ አንድ ሳንቲም የቀረው ነበር። ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ ላከልኝ ለሚል ሰውም ቀላል ገንዘብ አይደለም። የዚህን ተከታታይ ልማድ ማወቅ ይጠቅማል። አምስተኛው ሲወጣ ሃይማኖትና ስለላ አልነበሩትም፤ በ2012 ማስፋፊያ ነው የተመለሱት። ስድስተኛውም በ2018 እና በ2019 ማስፋፊያዎች ነው የሞላው። ስለዚህ አዲሱን ከነሙሉ ማስፋፊያው ካለው አሮጌ ጋር ማወዳደር ለዲዛይነሩ ፍትሐዊ አይደለም። ለገዢው ግን ፍጹም ፍትሐዊ ነው፤ ኪሱ የሚያውቀው ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነው። ሁለቱን ጥያቄ አትቀላቅሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው ወይ ሌላ፣ ዛሬ ልግዛው ወይ ሌላ።

ሲወጣ የነበረው የማያ አቀራረብም ደካማ ነበር። ቁጥር ከየት እንደመጣ ለማወቅ መድከም፣ ግልጽ ያልሆነ ምልክት። ውሳኔ በሚሸጥ ጌም ላይ መረጃ መደበቅ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሠሪዎቹም ቅሬታውን ተቀብለው ደጋግመው አስተካክለዋል። ቀውሱን ማጥፋትና የዘመን ሽግግሩን ማለዘብ የሚያስችሉ አማራጮችንም በኋላ አስገብተዋል።

ዛሬ ጠይቃችሁኝ ከሆነ፣ ስድስተኛው ክፍል በቅናሽ ሲገኝ ከነማስፋፊያውና ከነተጨማሪ ይዘቱ ውሰዱት፤ ምኒልክን ይዛችሁ ኮረብታ ፈልጉ። ሰባተኛውን የምከታተለው ግን በጉጉት ነው። ሐሳቡ ደፋር ነው፣ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። የማየው አንድ ነገር ነው፦ ከአክሱም ቀጥሎ በሚመጣው ዝርዝር ላይ ዛግዌ የሚል ስም። ያ ስም የወጣ ቀን ታንኳዬን ጭኜ ከጥንታዊው ዘመን እንደገና እጀምራለሁ።